ለማንኛውም የሚባል ጥንቸል የለም

«ለማንኛውም የሚባል ጥንቸል የለም!» አሉት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አርባ ያልኩት እንዳይጎድልብኝ ነው!»

«ከነመጠባበቂያው ስንት ይበቃሃል?»

«አስራ ስምንት።»

«ታዲያ ሃያ ሁለቱ ምን አደረጉህ?»

ቆይ፣ አትሳቁ። አስር ደቂቃ ብቻ ነው የምሰብካችሁ ብያለሁ፣ ደቂቃዬን አትብሉብኝ። ሰውየው የሕክምና ተማሪ ነው። የፈላ ውሃና የጋለ ዘይት ለሚያቃጥላቸው ሕፃናት ከእሬት ቅባት እየሠራ ነው። ሕፃን ላይ ከመቀባቱ በፊት ደግሞ ጥንቸል ላይ መሞከር አለበት። ሴትየዋ እትዬ ማንጠግቦሽ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያው ሕክምና ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሙከራ ጥንቸሎችን የመገቡ፣ ጥናት የሚፈቅደው ኮሚቴ ውስጥም ያሉ ሴት። እሳቸው ካልፈረሙ አንዲት ጥንቸል ከቤቷ ንቅንቅ አትልም።

አርባው አስራ ስምንት ሆነ። አለቀ? የት ያልቃል!

የፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ አለች። «እንስሳው ቢሰቃይ መቼ ታቆማለህ?» ትላለች። ልጁ ምን ብሎ ሞላ? «ጥናቱ ሲያልቅ።»

እትዬ ወረቀቱን መለሱለት። ልጁ ጦፈ።

«እንዴ! ልጆች በዘይት እየተቃጠሉ እርስዎ ለጥንቸል ይሟገታሉ?»

«ልጅ ሲያመው ያለቅሳል። ጥንቸል ሲያማት ዝም ነው የምትለው፣ አውሬ እንዳያውቅባት ፈርታ። እሷ በቃኝ ካላለች በቃሽ የሚላት ማነው?»

«እሺ፣ እንዳመማት በምን አውቃለሁ?»

«ቁጭ በልና እያት።»

ቁጭ አለላችኋ! ዶክተር ሊባል አንድ ሐሙስ የቀረው ሰውዬ፣ ገና አንዷንም ሳይነካ፣ ሳምንት ሙሉ በርጩማ ላይ ሆኖ ጥንቸል ሲያይ ሰነበተ። ጤነኛዋ እንዴት ትበላለች? ጆሮዋን እንዴት ታደርጋለች? ዓይኗስ? ጓደኞቹ «እጮኛህን አስተዋውቀን እንጂ» እያሉ አሾፉበት። እሱ ግን አየ። አይቶ ሲያበቃ በገዛ እጁ ጻፈ፦ ለሙከራው ሲቆስሉ በማደንዘዣ ተኝተው ነው፣ ከዚያም የሕመም ማስታገሻ ይሰጣቸዋል፣ ማስታገሻ እየወሰደች አንድ ቀን ሙሉ ምግብ እምቢ ያለች ከጥናቱ ወጥታ ትታከማለች። እትዬ ፈረሙ።

አሁን ስሙኝ። ጥናቱ በተጀመረ በዘጠነኛው ቀን፣ አስራ አንድ ቁጥር ጥንቸል መብላት አቆመች። ጠዋት የለም፣ ማታም የለም። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ከሁሉም ያማረው የሷ ቁስል ነው! ቅባቱ ይሠራል ብላ የምትመሰክርለት እሷ ናት!

እየሮጠ መጣ። «እትዬ፣ አምስት ቀን ብቻ! ጥናቱ እስኪያልቅ ትታገሰኝ!»

እትዬ ወረቀቱን አወጡ። «ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?»

«የኔ።»

«ይሄን ስትጽፍ አልጓጓህም ነበር። አሁን ጓጉተሃል። ከሁለታችሁ ማንን ልመን? እኔ ያልጓጓውን ነው የማምነው፣ ልጄ።»

ልጁ ወረቀቱን አየ። ጥንቸሏን አየ። አለቀሰ ይላሉ፣ እኔ አላየሁም። ብቻ አቅፎ አወጣት። መድኃኒቷን እየሰጠ፣ ጎመን እያጎረሰ አስታመማት። እዚህ መሀል ጥንቸል አጉርሶ የሚያውቅ አለ? ዳነችለት። የጥናቱ ዘገባ ላይም «አንዷ ታማብኝ አውጥቻታለሁ» ብሎ ቁልጭ አድርጎ አሰፈረ። ውጤቱ እንደጓጓለት አላማረም። ግን እውነት ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ለልጃችሁ ቅባት ማን ይሥራላችሁ? ጓጉቶ የደበቀው ወይስ ታማብኛለች ብሎ የጻፈው?

እናንተስ፣ ወገኖቼ? ሲሚንቶ የምትቆልሉበት አህያ በቃኝ ብሏችሁ ያውቃል? ቤታችሁ ያለችው ሠራተኛስ? እሷማ አፍ አላት። ግን እንዳታባርሯት ፈርታ «ደህና ነኝ» ትላለች። ምግቡን አቅርባ ስትመለስ እሷ ምን እንደበላች አይታችኋል? አንድ ቀን፣ ሳምንቱን ተዉት፣ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ አይታችኋል? ዝም ያለ ሁሉ ደህና ነው ያላችሁ ማነው?

የት ላይ እንደምታቆሙ ጻፉት! ሳትጓጉ ጻፉት! ስንጓጓማ ሁላችንም «አምስት ቀን ብቻ» ባይ ነን። እግዚአብሔር ዝምተኞቹን በእጃችን የሰጠን ሲጮኹ እንድንሰማቸው አይደለም። አይጮኹማ! ሳይጮኹ እንድንሰማቸው ነው።

ደግሞ አንድ ምሳሌ ልጨምርላችሁ፣ አጭር ናት። አንድ ሰውዬ በቅሎ ነበረችው…

ፊት ወንበር ላይ ያሉት እማማ ዘነበች እጃቸውን አነሱ። አሜን ሊሉልኝ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

«አንተ ልጅ፣ ሳትጓጓ አስር ደቂቃ ብለኸን ነበር!»