የተከሰሰው ጋን

አንዲት የተማረች ሴት ለባሏም ለንስሐ አባቷም ነግራው የማታውቅ ምስጢር ነበራት። ምስጢሩ ከባድ ወንጀል አልነበረም፤ አንድ የሸክላ ጋን በሳሙና ማጠቧ ነበር።

ይህች ውብአንቺ የምትባል ሴት በአንዲት ትንሽ ከተማ መምህርት ነበረች። እዚያው አግብታ ከአማቷ ከወይዘሮ የሻረግ ጋር በአንድ ግቢ ትኖር ነበር። ወይዘሮ የሻረግ በጠላቸው የታወቁ ናቸው፤ በዚያ አገር ያለ እሳቸው ጥንስስ ሠርግ አይታሰብም። የሚጠምቁትም ከእናታቸው በወረሱት ጋን ነው።

አንድ ዓመት የማኅበሩ ጽዋ ተራ እነሱ ቤት ደረሰ። ወይዘሮ የሻረግ ጉልበታቸውን ታመው ነበርና ምራታቸውን ጠርተው፣ "ዘንድሮ አንቺ ጥመቂ" አሏት።

"እኔ? እማዬ፣ እኔ እኮ ከመጠጣት በቀር አላውቅበትም።"

"መጠጣቱን ካወቅሽ ግማሹን ጨርሰሻል። ጌሾውንና ብቅሉን ቁጭ ብዬ እነግርሻለሁ። አንቺ መጀመሪያ ጋኑን በግራዋ እጠቢና በወይራ አጥኚው።" ይህን ብለው ምርኩዛቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ውብአንቺ ጎንበስ ብላ ወደ ጋኑ ውስጥ ስታይ ደነገጠች። ውስጡ እንደ ጥቀርሻ ጠቁሯል። ተማሪዎቿን ስለ ንጽሕና የምታስተምር ሴት ናት፤ በዚህ ዕቃ ለሰው መጠጥ ማዘጋጀት አላስቻላትም። ጥቁረቱ የዘመናት የወይራ ጭስ መሆኑን፣ ጠላውን የሚያጣፍጠውም እሱ መሆኑን የነገራት አልነበረም። የዱቄት ሳሙና በሙቅ ውሃ በጠበጠች። በአሸዋም ፈተገችው። ሸክላው ቀልቶ ሲወጣ ደስ አላት። ከዚያ በግራዋ አለቅልቃ፣ ጥቂት ወይራ አጭሳበት፣ ወደ ጨለማው ጓዳ መለሰችው። ስለ ሳሙናው ለአማቷ ያልነገረችው ልትደብቅ ፈልጋ አይደለም፤ የሚነገር ነገር አልመሰላትም።

ጥንስሱን ጠነሰሰች፣ ድፍድፉን ደፈደፈች። አማቷ መደብ ላይ ሆነው ያዘዟትን አንድም አላጎደለችም። የጽዋው ዕለት ጠላው ተቀዳ። ማኅበርተኛው አንድ ጊዜ ፉት እያለ ዋንጫውን አስቀመጠ። ጋሽ ይመኑ የሚባሉ ቀልደኛ ሰው አፋቸውን ጠርገው፣ "የሻረግ፣ መድኃኒት መሆኑን አስቀድመሽ ብትነግሪን ዓይናችንን ጨፍነን እንጨልጠው ነበር!" አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ውብአንቺ ሳሙናው ትዝ ያላት ያኔ ነው። ወይዘሮ የሻረግ ቀመሱና፣ "በልጄ አትሳቁ። አጠገቧ ነበርኩ፤ ያጎደለችው የለም። ጋኑ ነው፤ አርጅቷል" አሉ።

ውብአንቺ ልትናገር አፏን ከፈተች። የተሰበሰበውን ሰው አየች። መልሳ ዘጋችው።

ጋኑ ከጓዳ ወጥቶ ጓሮ ተጣለ። ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበት ጀመር። ወይዘሮ የሻረግ ሌላ ጋን አልገዙም፤ "እጄ የለመደው እሱን ነው" ይሉ ነበር። የሻረግን ጋኗ ከዳት የሚል ወሬ በአገሩ ዞረ። ቀስ በቀስም ወሬው ጋኑን ትቶ እጃቸውን ያዘ፤ ለሠርግ የሚጠራቸው ጠፋ። ውብአንቺ ጓሮ ስትወጣ ጋኑን ላለማየት በሌላ በኩል ትዞራለች። ልናገር ትልና፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ ይሉኛል ብላ ትተወዋለች። ጊዜው በረዘመ ቁጥር መናገሩም ከበዳት።

ከብዙ ዓመት በኋላ የውብአንቺ ሴት ልጅ ሠርግ ደረሰ። አያቷ በሕይወት እያሉ ጠላውን እንድትጠምቅ ሌላ ሴት ተጠራች። ወይዘሮ የሻረግ አመሻሹ ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ "ነገ ጓሮ ድንኳን ይተከላል። ያ ጋን ቦታ ይዟል፤ ስበሩት" አሉ።

"አይሰበርም" አለች ውብአንቺ።

"ምነው?"

"ጋኑ ደህና ነበር፣ እማዬ። ያኔ በሳሙና ያጠብኩት እኔ ነኝ።"

ወይዘሮ የሻረግ ወደ ምራታቸው ዞሩ። ከዚያ፣ "በገላ ሳሙና ነው በልብስ?" ብለው ጠየቋት።

"በልብስ። በአሸዋም ፈትጌዋለሁ።"

"በአሸዋም!" አሉ፣ እየሳቁም እንባቸውን እየጠረጉም። "እኔ እኮ እጄ የተረገመ መስሎኝ ለስንት ታቦት ተሳልኩ!"

ውብአንቺ እግራቸው ላይ ወደቀች። "ይቅር ይበሉኝ።"

"እኔ ይቅር ብያለሁ፤ ተነሺ። ግን ልጄ፣ ጋኑም እኔም የተዋረድነው እዚህ በረንዳ ላይ አልነበረም። በሰው ፊት ነው።"

ጥፋታችን ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ዝም ስንል ግን ሌላው ይሸከመዋል፤ እኛ በሰላም ስንኖር የእሱ ስም ይጠፋል። ስሙን በአደባባይ ያጣን ሰው ደግሞ በጓዳ ይቅርታ ጠይቀን ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። እስቲ እናስብ፤ በእኛ ዝምታ ጓሮ የተጣለ ማን አለ?

ውብአንቺ በማግስቱ ጠዋት ጋኑን ከጓሮ አወጣች። የዶሮውን ገለባ አራግፋ፣ ቤተ ክርስቲያን በሚያደርሰው መንገድ ዳር፣ ደጃፏ ላይ አስቀመጠችው። ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ በግራዋ እያጠበችው ነበር። ጋሽ ይመኑ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙና፣ "ምነው መምህርት፣ የሞተ ጋን ትገንዣለሽ?" አሏት።

ዓይን አፋር ሴት ናት። ቢሆንም ቀና ብላ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ፣ "አልሞተም፣ ጋሽ ይመኑ። የእማዬ ጋንም እጃቸውም ደህና ነበሩ። ያን ጊዜ ጠላውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ጋኑን በሳሙና አጥቤው ነው" አለች።

ከዚያ አማቷን ደግፋ አወጣቻቸውና፣ ወይራውን እንዲለኩሱ ክብሪቱን ሰጠቻቸው።