ጓሮውን ያላየው ገዢ

አንድ ጌጡ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ከሚስቱ ጋር በአንዲት ሴትዮ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ገባ። ልጁ ትርሲት እዚያው ተወለደች፣ እዚያው አድጋ ስምንተኛ ክፍል ደረሰች።

አከራይዋ እትዬ አስካለ ክፉ ሴት አልነበሩም። ሕጋቸው ግን ብዙ ነው። ከመሸ ውሃ አይቀዳም። ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም። እንግዳ አያድርም። ከሁሉም በላይ ግን ጓሮ አይኬድም። ጓሮው የሳቸው ነው። ትርሲት ትንሽ ልጅ እያለች ኳሷ ወደ ጓሮ ከተንከባለለች፣ በቃ፣ ኳሷ ቀረች ማለት ነው።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ቤተሰቡ በእግሩ ጣት መራመድ ለመደ። እናትየው ሳቋ ሲመጣባት አፏን በነጠላዋ ትይዛለች። የእትዬ አስካለ ጫማ ጠጠሩ ላይ ሲንሿሿ ሁሉም ጸጥ ይላሉ። ትርሲት ይሄን ዝምታ ትምህርት ቤት ድረስ ይዛው ትሄድ ነበር። መልሱን እያወቀች እጇን አታወጣም። በዚህ ዓመት ግን አስተማሪዋ "አንቺ፣ መልሱ ከንፈርሽ ላይ ነው ያለው፣ አውጪው እንጂ!" ብላ ሰሌዳው ፊት አቆመቻት። እየተንቀጠቀጠች ተናገረች። ልክ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚወጣው እጅ የሷ ሆነ። ግቢው በር ላይ ስትደርስ ግን ድምጿ ተመልሶ ጉሮሮዋ ውስጥ ይደበቃል።

አንድ ቀን እትዬ አስካለ እነጌጡ በር ላይ መጥተው ቆሙ።

"ጌጡ፣ ልጄ ሊያገባ ነው። ክረምት ሳይገባ ብትለቁልኝ።"

"እሺ እትዬ" አለ ጌጡ። በሩ ሲዘጋ ግን መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቃተው።

"ከእንግዲህ አልከራይም" አለ። "የመጣው ይምጣ፣ እገዛለሁ። ማንም አንኳኩቶ ውጣ የማይለኝ ቦታ ነው የምፈልገው።"

"ቀስ ብለን እንፈልግ እንጂ" አለች ሚስቱ። "ተከራይተንም ቢሆን ..."

"ተከራይተን? ደግሞ ዕድሜ ልክ የሰው ኮቴ ስናዳምጥ ልንኖር?"

ትርሲት ከዚያ በፊት አባቷ ሲፈራ አይታ አታውቅም ነበር። ትልቅ ሰው ሲፈራ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይፈራል፤ ወንበሩ ሳይቀር።

ብዙም ሳይቆይ ደላላ ከከተማው ዳር አንድ ቤት አገኘላቸው። ትርሲትም አባቷን ተከትላ ሄደች። የጭቃ ቤት ነው፤ ግን ፊት ለፊቱ አዲስ ኖራ ተቀብቶ ያበራል፣ በሩም አረንጓዴ ነው። ዋጋው ደግሞ ጌጡ ከሚችለው አላለፈም። ሻጩ ቸኩሏል። "ከሰዓት ሌላ ገዢ ይመጣል። ላንተ ስል ነው" ይላል።

ጌጡ ደጃፉ ላይ ጫማውን አወለቀ። ሳሎኑን አየ፣ ኮርኒሱን አደነቀ፣ እንደ እንግዳ ጥግ ላይ ቆመ። ሻጩ "ጓሮውም ሰፊ ነው" ሲለው "አይ አይ፣ ይበቃል፣ አላስቸግርህ" አለው። ሻጩም አልለመነውም። ጌጡ ዕድሜውን ሙሉ ተከራይ ነው፤ ጓሮ የባለቤት ነው ብሎ ነው የሚያውቀው። ቤት ሊገዛ እንደመጣ እንኳ እግሩ ወደዚያ አልሄደለትም።

ለምስክርነት የተጠሩ የሰፈር ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጌጡ ቀብዱን ከኮቱ ውስጥ ሊያወጣ ሲዘጋጅ ትርሲት ሽንቷ መጣ። "መጸዳጃው በጓሮ በኩል ይሆናል" አሏት አንዱ ሽማግሌ። የቤቱ ማዕዘን ላይ ስትደርስ ቆመች። "ወዴት ነው?" የሚል ድምፅ ጠበቀች። ማንም አልጠራትም። ዞረች።

ጓሮ የሚባል ነገር የለም።

የቆርቆሮ አጥሩ ግማሹ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ከሱ ወዲያ ገደል ነው። የአንድ ባህር ዛፍ ሥር ከአፈሩ ወጥቶ ባዶውን ይጨብጣል። ኖራው እዚህ አልደረሰም፤ ግድግዳው ተሰንጥቆ የትርሲትን እጅ ሙሉ ያስገባል። ቆማ እያየች ከእግሯ ሥር አንድ ጓል አፈር ተገምሶ ወረደ። ድምፁን እስክትሰማ ብዙ ቆየ።

ሮጣ ተመለሰች። የአባቷ እጅ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። ብትናገር ቤቱ ይቀራል። ቤቱ ከቀረ ደግሞ ክረምት ደርሷል፣ እትዬ አስካለ ልቀቁ ብለዋል፣ የት ይገባሉ? አባቷንስ ሽማግሌ ፊት ታዋርደዋለች? የምታደርገው ሲጠፋት፣ ሳታስበው፣ እጇን አወጣች።

አንዱ ሽማግሌ ሳቁ። "ምነው ልጄ፣ ትምህርት ቤት መሰለሽ እንዴ?"

"አባዬ" አለች፣ "ጓሮውን አይተኸዋል?"

ሻጩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ጌጡ፣ ልጅ ነው ያመጣኸው ወይስ ዐቃቤ ሕግ?"

"ትርሲት፣ ዝም በይ!" አለ አባቷ፤ እሱም በሹክሹክታ፣ እንደ እትዬ አስካለ ግቢ።

"ዝም አልልም አባዬ። ና እይ።"

ድምጿ ጎልቶ ወጣ። ራሷም ደነገጠች። ጌጡ ተነሳ። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ግን ቆመና ወደ ሻጩ ዞሮ "ማየት ይቻላል?" ብሎ ጠየቀ።

"ሰውዬ!" አሉ ሽማግሌው። "ልትገዛው አይደለም እንዴ? ማንን ነው የምታስፈቅደው?"

ጌጡ ዞሮ አየ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ሻጩ አንገቱን ደፋ።

"ኩሽናውን አምና ክረምት ገደሉ ወሰደው" አለ ቀስ ብሎ። "ዝናብ በመጣ ቁጥር ልጆቼን አቅፌ ነው የማድረው። እኔስ ምን ላድርግ? ልጆች አሉኝ።"

"እኔም አለችኝ" አለ ጌጡ። ጫማውን አደረገና ወጣ።

እንደገና ሊከራዩ ሌላ ሰፈር ሄዱ። አዲሷ አከራይ ክፍሉን ሲያሳዩአቸው ጌጡ "ጓሮውን ልየው" አለ።

"ተከራይ ጓሮ ምን ይሠራለታል?"

"ያየዋል" አለ ጌጡ። "ደግሞ ልቀቁ የሚሉን ቀን ቢመጣ ምን ያህል ጊዜ ይሰጡናል? ከመግባታችን በፊት እንነጋገር።"

ሴትዮዋ ትክ ብለው አዩትና የጓሮውን በር ከፈቱለት። እናትየው አፏን ሳትይዝ ሳቀች።

ክረምቱ አጋማሽ ላይ አባትና ልጅ በከተማው ዳር አለፉ። ነጩ ግድግዳ ቆሟል። አረንጓዴው በር ገርበብ ብሏል። ከበሩ ጀርባ ግን ክፍል የለም፤ ሰማይ ብቻ ነው። ባለቤቱ ከነልጆቹ ቀደም ብሎ እንደወጣ ጎረቤት ነገራቸው። ጌጡ የትርሲትን እጅ እስኪያማት ድረስ ጨበጠ። ቤታቸው እስኪደርሱም አለቀቀውም።

መከራየት ውርደት አይደለም፤ መግዛትም መዳን አይደለም። ያ ሰውዬ የፈራውን ሊሸጥ፣ ጌጡም ከፈራው ሊሸሽ ነበር አንድ ደጅ ላይ የተገናኙት። በፍርሃት የሚሮጥ ሰው የቤቱን ፊት ብቻ ነው የሚያየው። ፍርሃቱ ላይጠፋ ይችላል፤ ጌጡም ዛሬም ጠጠር ላይ ጫማ ሲንሿሿ ይደነግጣል። ግን እየፈሩም ቢሆን ዞሮ ማየት ይቻላል፤ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን እጅ ይወጣል።

እናንተስ፣ ልትገቡበት ያሰባችሁትን ነገር ጓሮውን አይታችሁታል? ወይስ አሁንም ማዕዘኑ ላይ ቆማችሁ ፈቃድ እየጠበቃችሁ ነው?