ቴሌቪዥኑና የማይቆጠሩት ግልገሎች

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ስሙ። እንስሳት አፍ አውጥተው በሚነጋገሩበት ዘመን አንድ ቴሌቪዥን በግመል ተጭኖ ቆላ ወረደ። በአገሩ ለልጆች ቁጥር እያስተማረ ስሙ የገነነ ነበር።

የመንደሩ ትልቅ እትዬ ዳልቻ የምትባል ፍየል ናት። «ሦስት ቀን ሰጥተንሃል» አለችው። «ግልገሎቻችን ካንተ ካልተማሩ፣ ዶሯችን እንቁላል የምትጥልበት ሣጥን አጥታለች፤ ለሷ ትሆናለህ።»

ዶሮዋ ዙሪያውን ዞራ ለካችው።

በመጀመሪያው ቀን ቴሌቪዥኑ በረዶ አሳየ። «አንድ የበረዶ ኳስ፣ ሁለት የበረዶ ኳስ» አለ።

«ጨው ነው?» አለ አንዱ ግልገል።

«አይደለም።»

«ካልተላሰ ምን ያደርግልናል?» ብለው ሄዱ። ዶሮዋ ጭድ አመጣች።

በሁለተኛው ቀን «የሚያውቁትን ልቁጠርላቸው» አለና ራሳቸውን ግልገሎቹን አሳየ። «አንድ ግልገል፣ ሁለት ግልገል» ብሎ ሦስት ሳይል እትዬ ዳልቻ ቁርበት ጎትታ ፊቱን ሸፈነችው።

«ምን አድርገንህ ነው ልጆቻችንን የምትቆጥረው? እዚህ አገር ነፍስ ያለው አይቆጠርም። ከተቆጠሩ ይጎድሉብናል።»

ዶሮዋ ጭድ ጨመረች።

ቴሌቪዥኑ ከቁርበቱ ሥር ሲያፍር አደረ። በሦስተኛው ቀን ከማስተማሩ በፊት ጠየቀ።

«እትዬ፣ ካልቆጠሩ ታዲያ ሁሉም መግባታቸውን በምን ያውቃሉ?»

«በመልካቸው እጠራቸዋለኋ። ዝም ያለው እሱ ነው የጠፋው።»

«የሚቆጥሩት ነገርስ የለም?»

«ከጉድጓድ የምንቀዳው ውሃ አለ። ባልዲ እንቆጥራለን።»

«እንግዲያው ቁርበቱን ያንሱልኝ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉድጓድ አሳየ። «አንድ ባልዲ» ሲል ግልገሎቹ «ሁለት ባልዲ» እያሉ ተቀበሉት፤ አሥር ደረሱ። ቀጥሎ በረት አሳየና በመልክ ጠራ።

«ነጮ።»

«አቤት።»

«ጥቁሬ።»

«አቤት።»

«ቡሬ።»

ዝም። ደግሞ ጠራ፤ ዝም።

«እትዬ፣ ቡሬ የለም» አሉ ግልገሎቹ ባንድ አፍ።

እትዬ ዳልቻ ሮጠች። ቡሬን እግሩ በባልዲው ገመድ ተጠልፎ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘችው። ጎትታ አወጣችው።

ስትመለስ ያንኑ ቁርበት አጥፋ ከቴሌቪዥኑ ሥር አነጠፈችለት። «ተቀመጥ። ከእንግዲህ የቤት ልጅ ነህ» አለችው። ዶሮዋም ቅር እያላት ጭዷን ሰብስባ ሄደች።

ያ ቴሌቪዥን ብዙ ያውቅ ነበር፤ የተከበረው ግን በመጠየቁ ነው። በሰው አገር ልጅ የሚያስተምር ሁሉ መጀመሪያ እናቲቱን ይጠይቅ። እኔ የሰማሁትን ሰጠኋችሁ፤ እናንተም ለሚመጡት አቀብሉ።