ለነብር ጀርባ አይሰጥም

አንድ ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ከሚጀምርበት ቦታ፣ ሰዎች አንድ ነብር በሽቦ አጥረው አኖሩ። እሁድ እሁድ የከተማው ሰው በሚኒባስ እየተጫነ መጥቶ ሲያየው ይውላል። ሰኞ ግን ሰው የለም። ሰኞ የእንስሳት ተራ ነው፤ አስጎብኚውም ቀበሮ ነው።

በዚያ አካባቢ አንዲት አህያ ከአንድ ልጇ፣ ከውርንጭላው ጋር ትኖር ነበር። ሐሳብ የማይለቃት እናት ናት። ልጇ ሲያስል ታስባለች፤ ሳያስል ሲቀር ደግሞ «ምነው ዝም አለ?» ብላ ታስባለች። ውርንጭላው «ነብር ካላየሁ» ብሎ ሣር መብላት ካቆመ ሦስት ቀኑ ነው።

«ውሰጂው እንጂ» አለቻት ጎረቤቷ ፍየል። «ጓዳ ውስጥ ደብቀሽ ልታስረጂው ነው?»

«የእመት በጊት ግልገል ባለፈው ሰኞ ሄዶ መች ተመለሰ?»

«እሱማ ሥርዓት አያውቅም ነበር አሉ። ደግሞ በነጻ ነው፤ ቀበሮ ምንም አይቀበልም።»

አህያ ይህን ስትሰማ ይብስ ጨነቃት። ቀበሮ በነጻ የሰጠውን ነገር እስከ ዛሬ አላየችም። ግን የልጇ ሆድ ከጀርባው ሲጣበቅ እያየች ምን ታድርግ፤ ሰኞ ከሰዓት ይዛው ሄደች።

ቀበሮ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ተቀበላቸው።

«እንኳን ደህና መጡ እሜቴ። ልጅዎ ምነው እንዲህ ወፈረ?»

ሦስት ቀን ያልበላ ልጅ ነው። አህያ ነገሩን በሆዷ ያዘችው።

«ሥርዓታችን አንድ ነው» አለ ቀበሮ። «ነብር ጌታ ነው፤ በጌታ ፊት ጀርባ አይሰጥም። አይታችሁ ስትጨርሱ ፊታችሁን ወደ እሱ እንዳደረጋችሁ፣ እጅ እየነሳችሁ፣ በዚያች ጠባብ መንገድ የኋሊት እስከ ቁጥቋጦው ትሄዳላችሁ። ታናሽ ይቀድማል። ያ ግልገል ዞር ብሎ ነው ጉድ የሆነው።»

«ነብሩ ታጥሮ የለም እንዴ?»

«ታጥሯል። ቢሆንም ይቀየማል።»

«ይህ የሚሸተውስ ምንድን ነው?»

«የነብሩ ሥጋ ነው፤ ከትናንት የተረፈው።»

ለአህያ የጅብ የጅብ ሸተታት። ግን በሰው ቤት መከራከር ነውር መሰላትና ልጇን ይዛ ገባች።

ነብሩ አገጩን በእጁ ላይ ጥሎ ተኝቷል። ውርንጭላው እስኪጠግብ አየው፤ ጢሙን አየ፣ ጥፍሩን አየ፣ ነጠብጣቡን ሊቆጥር ሞክሮ ተሳሳተ። እናቱም የልጇን ደስታ እያየች ጥቂት ቀለላት።

«በቃ፣ መሄጃ ደርሷል። ታናሽ ይቅደም» አለ ቀበሮ።

ውርንጭላው እጅ እየነሳ የኋሊት መሄድ ጀመረ። እናቱም እንደዚያው እጅ እየነሳች የኋሊት ተከተለችው።

«እማዬ፣ አያየኝም» አለ ውርንጭላው ቅር ብሎት።

«ማን?»

«ነብሩ። ሦስት ጊዜ እጅ ነሳሁት። እሱ ግን ከኋላችን ያለውን ነው የሚያየው።»

አህያ ቀና ብላ አየች። እውነትም የነብሩ ዓይን በእነሱ ራስ ላይ አልፎ ቁጥቋጦው ላይ ተተክሏል። ዞር ልትል አሰበች፤ ቀበሮ ግን ዓይኑን አልነቀለባትም። አልዞረችም። ጆሮዋን ብቻ ወደ ኋላ አዞረች፤ ስለ ጆሮ የተነገረ ሥርዓት የለም። ቁጥቋጦው ውስጥ የሆነ ነገር ምራቁን ሲውጥ ሰማች።

«ልጄ፣ በሆዴ ሥር ሹልክ በልና ከፊቴ ቁም» አለችው ቀስ ብላ።

«እሜቴ፣ ታናሽ ይቀድማል እኮ» አለ ቀበሮ።

«ይቅደም እንጂ። ወደ ነብሩ በኩል ይቅደም።»

ይህን ብላ ጥቂት እርምጃ የኋሊት ሄደችና አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳች። አህያ አንገቷን ዝቅ ስታደርግ ኋላዋ ከፍ ይላል። አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ የነበረው አያ ጅቦ በሁለት እግር ተመታና ከፊት ጥርሶቹ ሦስቱን እዚያው ተወ። እናትና ልጅም በላዩ ዘለው ወደ ቤታቸው ጋለቡ።

«ጀርባቸውን ሰጥተው ይመጣሉ አላልከኝም?» አለ ጅብ ደሙን እየተፋ።

«መጡ አይደል እንዴ?» አለ ቀበሮ።

«መምጣቱንስ መጡ። የአህያ ዱላ ከኋላዋ መሆኑን መች ነገርከኝ?»

«አንተስ ዕድሜህን ሙሉ አህያ ስትበላ ኖረህ ይህ እንዴት ጠፋህ?»

ጅብ ሊያስብ ሞከረ። አልሆን ሲለው ትቶት ቀበሮን ያባርረው ጀመር። ነብሩም አገጩን ከእጁ ላይ አንስቶ፣ ሁለቱ አጥሩን ሲዞሩት እያየ አመሸ። ያን ቀን ጎብኚው እሱ ነበር።

ውርንጭላው ማታ ሣሩን አጋብሶ በላ። እናቱ አጠገቡ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ ፊቷ ወደ ልጇ፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ።

ከዚህ የምንማረው፣ ፊት ለፊት የታሰረውን እንድንፈራ አጥብቆ የሚመክረን ሁሉ ከኋላችን ያልታሰረ ነገር ደብቆ ሊሆን ስለሚችል፣ የምናየው ሲያምረን እንኳ ጆሯችንን ወደ ኋላ ማድረግ እንዳለብን ነው።