የወይንሸት ካሜራና የእትዬ አስካለች ዓይን

ተረት ልንገራችሁ፤ ግን ደጋግሜ ስለማወራው አትቆጡኝ፣ ወይንሸትም ደጋግማ ነው የተመላለሰችው።

ወይንሸት ጉርድ ፎቶ አንሺ ናት። ካሜራዋ አርጅቶ ሞተባት። ሰኞ ተማሪዎች ለፈተና ምዝገባ ፎቶ ይነሳሉ፤ ያኔ ካሜራ ከሌላት ሥራው ለሌላ ይሰጣል፣ የእሷም ፎቶ ቤት ይዘጋል። ያላት አርባ ሺህ ብር ነው። ሌንሱ የሚፈታው አዲሱ ዲጂታል ካሜራ እጥፉን ይጠይቃል፤ ርካሹ ደግሞ የልጅ መጫወቻ ነው። በአቅሟ የተገኘው አንድ ብቻ ነው፣ ጋሽ ደምሰው ሱቅ ያለው ያገለገለ ካሜራ። እሱም ሌንስ የለውም። ጋሽ ደምሰው ሌንሱን ለሠርግ ፎቶ አንሺው ለታምሩ አውሰውታል፤ ካሜራውንም ያለ ሌንሱ አልሸጥም አሉ።

ወይንሸት ወደ ታምሩ ሄደች። ታምሩ የሠርጉ አልበም ማተሚያ ቤት ሳይገባ ሌንሱን አልመልስም፣ ፎቶ ድገም ብባልስ አላት። ታምሩ ሌንስ አይመልስም፣ ጋሽ ደምሰው ካሜራ አይሸጡም።

አልበሙ የቆመው ሙሽራዋ መዓዛ ፎቶ ስላልመረጠች ነበር። ወይንሸት ወደ መዓዛ ሄደች። ከሠርጉ ሦስት ወር አልፏል፤ መዓዛ ግን እናቴ ሳይስማሙ አልመርጥም አለች። መዓዛ ፎቶ አትመርጥም፣ ታምሩ ሌንስ አይመልስም፣ ጋሽ ደምሰው ካሜራ አይሸጡም። ወይንሸት ጥርሷን ነከሰች።

ወደ መዓዛ እናት፣ ወደ እትዬ አስካለች ሄደች። እትዬ አስካለች በሠርጉ ፎቶ ሁሉ ላይ ዓይናቸው ተጨፍኗል። ታምሩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ በቆጠረ ቁጥር ሦስት ላይ ይጨፍናሉ። ዓይኔ ካልተገለጠ አልበም የሚባል ነገር የለም፣ ታምሩም ሁለተኛ አያነሳኝም አሉ። እትዬ አስካለች አይስማሙም፣ መዓዛ ፎቶ አትመርጥም፣ ታምሩ ሌንስ አይመልስም፣ ጋሽ ደምሰው ካሜራ አይሸጡም።

«አንቺ ፎቶ አንሺ አይደለሽ? አንሺኝ» አሉ እትዬ አስካለች።

«በምን ላንሳዎት?»

«በካሜራ ነዋ።»

የወይንሸት ትዕግሥት እዚህ ላይ አለቀ። ወጥታ ሄዳ ጋሽ ደምሰውን ከነካሜራቸው፣ ታምሩን ከነሌንሱ እየነዳች እትዬ አስካለች ሳሎን አስገባቻቸው። ሌንሱን ካሜራው ላይ ገጠመች። እትዬ አስካለች ነጠላቸውን አስተካክለው መቁጠሩን ጠበቁ። ወይንሸት ግን አልቆጠረችም።

«እርስዎ አይስማሙም፣ መዓዛ አትመርጥም፣ ታምሩ ሌንስ አይመልስም፣ ጋሽ ደምሰው ካሜራ አይሸጡም፣ ሰኞ ግን ማንንም አይጠብቅም። የእንጀራ ገመዴ ሊበጠስ ነው። እኔ የፈለግኩት አንድ ካሜራ ብቻ ነው።»

እትዬ አስካለችን በገዛ ቤታቸው እንዲህ የተናገራቸው ሰው የለም። ዓይናቸው ፈጦ ቀረ። ያን ጊዜ ካሜራው ጠቅ አለ።

ፎቶውን ሲያሳዩአቸው አቅርበው አዩት፣ አርቀው አዩት።

«እናቴን መስያለሁ» አሉ በመጨረሻ።

እትዬ አስካለች ተስማሙ፣ መዓዛ መረጠች፣ አልበሙ ማተሚያ ቤት ገባ፣ ታምሩ ሌንሱን መለሰ፣ ጋሽ ደምሰው ካሜራውን ሸጡ። ሦስት ወር የቆመው ነገር በአንድ ከሰዓት አለቀ፤ ይኼ ነው እኔን የሚያናድደኝ።

ሰኞ ተማሪዎቹ ተሰለፉ። ወይንሸት ለአንዳቸውም አንድ፣ ሁለት አላለችም። እያንዳንዱ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ከጋሽ ደምሰው ጀምራ እስከ እትዬ አስካለች በንዴት ታወራለታለች፣ እሱም ዓይኑን ያፈጣል። ተረቴ አለቀ፤ አሁን ዓይናችሁን መጨፈን ትችላላችሁ።