የቋጠሮው አዋጅ

ቀረብ በሉ ልጆቼ። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡም የሚያባራ አይመስልም። ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

ጮክ በሉ እንጂ፣ ላሟም አልሰማች።

በድሮ ዘመን አንድ ንጉሥ ነበረ። ከሕዝቤ ደጉ ማን ነው፣ ክፉውስ ማን ነው እያለ እንቅልፍ አጣ። ሰው እንዴት ይለካል? እኔ እንጃ። ብቻ ለሰው ሁሉ፣ ለራሱም ጭምር፣ አሥራ ሁለት ቋጠሮ ያለው ክር በአንገቱ አሰረ። የዋሸ አንድ ይፈታበታል። በከንቱ መሐላ የማለም አንድ ይፈታበታል። ከአሥር በታች የወረደ ከምንጩ ውኃ አይቀዳም አለና ቋጠሮ የሚቆጥሩና የሚፈቱ ቆጣሪዎች በየመንደሩ ላከ።

እታፈራሁ የምትባል ባልቴት ነበረች። ልጇ ወልዳ አራስ ናት። አንዱ ቆጣሪ ገብቶ ጥግ ተቀመጠ። ከዚያም ጎረቤቷ አባ ድልነሳ አራስ ሊጠይቁ መጡ። ገንፎ ቀረበ።

አባ ድልነሳ፦ ኧረ በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ!

ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም እኮ።

እታፈራሁ፦ በሞቴ!

አባ ድልነሳ፦ አይሆንም።

እታፈራሁ፦ አፈር ስሆን! ልሙትልዎ!

ይኼኔ በሉና ጣባውን ጠረጉት። ቆጣሪው ተነሣ።

ቆጣሪው፦ ጠግቤያለሁ ብለው ጣባ ጠረጉ፤ ይኼ ውሸት ነው። አንቺም ሦስት ጊዜ ምለሽ አልሞትሽም።

እታፈራሁ፦ ከበሉልኝ ለምን ልሙት?

ቆጣሪው አሰበ፣ አሰበ። አልገባውም። ከእሳቸው አንድ፣ ከእሷ ሦስት ፈታ፤ ዘጠኝ ቀራት።

ከዚያ ወዲያ መንደሩ ግራ ገባው። እንግዳው «ብላ» ሲሉት «እሺ» ይላል። እናንተዬ፣ በአንድ ቃል እሺ! ባለቤቱ ይደነግጣል። ልማዱ አልለቅ ብሎት እንቢ ያለውን ደግሞ ማንም አይለምነውም፣ ጦሙን ያድራል።

እታፈራሁ እንስራዋን አዝላ ምንጭ ወረደች። ጠባቂው ክሯን ቆጠረ።

ጠባቂው፦ ዘጠኝ ነው፣ ተመለሽ።

እታፈራሁ፦ አራስ አለችብኝ! ጡቷ ደርቆ ሕፃኑ ያለቅሳል!

ጠባቂው፦ እኔ የማውቀው ቋጠሮ ነው።

ባዶ እንስራ ይዛ ተመለሰች። ቤት የቀረው ውኃ አንድ ቅል ነው። በእሱ ለልጇ ገንፎ አገነፋች። ልክ ስታወጣው ንጉሡ ከአደን መንገድ ጠፍቶት፣ ርቦት፣ በሯ ላይ ቆመ። ቆጣሪውም ሲያየው ሮጦ መጣ። እታፈራሁ እጅ ነሣችና ግማሹን አቀረበች።

እታፈራሁ፦ ጌታዬ፣ ይብሉ።

ንጉሡ፦ በልቻለሁ።

የጨዋ ልጅ ነዋ! እሷ አትለምነው፣ እሱ አይበላ። ሆዱ ብቻ ይጮኻል።

ንጉሡ፦ ምነው፣ በዚህ አገር ሰው አይለመንም?

እታፈራሁ፦ ከለመንሁዎ ቋጠሮዬ ይፈታል። ውኃ ተከልክዬ ልጄ ልትሞትብኝ ነው።

ንጉሡ፦ ማን ከለከለሽ?

እታፈራሁ፦ እርስዎ።

ንጉሡ ቆጣሪውን አየ። እታፈራሁ ግን እንግዳ ከቤቷ ርቦት ሲወጣ ለማየት አንጀቷ አልቻለም።

እታፈራሁ፦ በቃ ይፈታ! በሞቴ፣ ይብሉ!

በላ። አበላሉን ብታዩት!

ንጉሡ፦ አሁን እኔ ውሸታም ነኝ?

ቆጣሪው ጣቱን ወደ ንጉሡ አንገት ሰደደና መልሶ ሰበሰበ።

ንጉሡ፦ ይቺስ? ደግ ናት ወይስ ክፉ?

ቆጣሪው ክሯን ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ። ንጉሡ ግራ እንደተጋባ ክሩን ከአንገቱ በጠሰና «ምንጩን ክፈቱ» አለ።

እታፈራሁ ውኃዋን ቀዳች። አራሷ ዳነች፣ ሕፃኑም አደገ፤ አባ ድልነሳ የክርስትና አባቱ ሆኑ። ቆጣሪው ንብ አናቢ ሆነ፤ ንቦቹን ይቆጥራል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይጀምራል። ንጉሡም ደጉን ከክፉው ሳይለይ አርጅቶ ሞተ።

ተረቴ ለእናንተ፤ እናንተ ደግሞ ከዳቦው ጫፍ ቆርሳችሁ አፌን አብሱልኝ።