ጭቃ ሹሙ ያስቆፈረው ቦረቦር

ልጆች፣ ተረት አለኝ፤ ትሰሙኛላችሁ?
«እንሰማለን!» በሉ።
ሳልጨምር ልንገራችሁ?
«አትጨምሪ፣ አትቀንሺም!» በሉ።

ድሮ፣ ጎርፍ ከባለርስቱ በላይ ባለርስት በነበረበት ዘመን፣ አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ማሳዋ ተዳፋት ላይ ነው። በየክረምቱ ጎርፍ ይመጣል፤ አፈሯን ይወስዳል። ጎርፉ የሸረሸረው ቦረቦር መጀመሪያ ክንድ የሚያህል ነበር። ከዚያ ሰው የሚያህል ሆነ። ከዚያ ገበሬውን ከነበሬው የሚውጥ ሆነ። አሁን ከቤቷ ምሰሶ አሥር እርምጃ ቀርቶታል። አንድ ክረምት ከጨመረ ማሳም የላት፣ ቤትም የላት።

ንጉሡ የአገሩ አፈር በየወንዙ ሲሰደድ አይቶ አዘነ። አዋጅም አስነገረ።

«ጎርፍ መሬቱን የበላበት ሁሉ ይመዝገብ። ቀለቡን ከጎተራዬ እሰፍርለታለሁ። ደንቡ ሦስት ነው። አንደኛ፣ መሬቱ በእውነት የታመመ ይሁን። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ በዳኛዬ ፊት በስሜ ይማል። ሦስተኛ፣ መሬቱ ሦስት ዓመት ይረፍ፤ ማረሻ አይንካው፣ ከብት አይርገጠው።»

መዝጋቢው የመንደሩ ጭቃ ሹም ባይለየኝ ነበር። አንጓች ሄደች።

«ጌታዬ፣ ይመዝግቡኝ።»

«ቦረቦርሽን አላየሁትም።»

«ይምጡና ይዩት።»

«እግሬን ያመኛል።»

ተመለሰች። በሳምንቱ ደግማ ሄደች።

«እግርዎ እንዴት ሰነበተ ጌታዬ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ እርከን መካብ ጀምረሻል አሉ። የጀመረ አይመዘገብም።»

«ቤቱ ሲቃጠል ውሃ የረጨ ሰው፣ ቤትህ አልተቃጠለም ይባላል?»

«እኔ ካልኩ ይባላል!»

ተመለሰች። በሳምንቱ ሠለሰች።

«ለመንደራችን የተፈቀደው አንድ መሬት ብቻ ነው። እሱም ተይዟል» አላት።

«ማን ያዘው?»

«እኔ።»

«ያ የእርስዎ ሜዳ? እንቁላል ቢያስቀምጡበት የማይንከባለልበት?»

«ሂጂና እዪው!»

ሄዳ አየችው። በዚያ ለጥ ባለ ጥቁር አፈር መካከል ቦረቦር ተጋድሟል። ጎርፍ አፈሩን ይዞ ይሄዳል እንጂ ጠርዝ ላይ አይከምርም፤ የዚህ ቦረቦር አፈር ግን ጠርዙ ላይ ተከምሯል። ባይለየኝ ያዘዛቸው አሥራ ሁለት ሰዎች ሦስት ቀን ቆፍረውታል። መንደሩ ሁሉ አይቷል። መንደሩ ሁሉ ዝም ብሏል። ልጆች፣ እኔም በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ዝምታ ዝም ብያለሁ፤ ለዚህ ነው ይህን ቦታ ዘልዬ የማላልፈው።

አንጓች ከጠርዙ ቆማ አሰበች። «ብከስ ማን ይመሰክርልኛል? ይህ ሰው ጤነኛ መሬቱን በሽተኛ ነው ብሏል። እንግዲያው መሬቱን እንዲያስተኛ ላግዘው» አለች።

የንጉሡ ዳኛ መጣ። ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ዳኛው ቦረቦሩን አየ፤ የተከመረውን አፈር አየ፤ ጢሙን ዳሰሰ።

«ባይለየኝ፣ መሬትህ ታሟል?»

«ታሟል ጌታዬ።»

«በንጉሥ ይማሉልን!» አለች አንጓች ከሕዝቡ መካከል።

«ንጉሥ ይሙት፣ ታሟል!»

«ከኋላ የቆምነው አልሰማንም!»

«ንጉሥ ይሙት፣ ታሟል!»

«ሁሉም ነው ወይስ ጫፉ ብቻ?»

«ከዳር እስከ ዳር፣ ንጉሥ ይሙት!»

በዚያ ዘመን በንጉሥ ስም በሐሰት መማል ንጉሥን ሙት ከማለት አይለይም ነበር። አንገት ያስቆርጣል።

አንጓች እጅ ነሣች። «ጌታዬ ዳኛ፣ ይመኗቸው። በሽተኛን ማሠራት ነውር ነው። ሦስተኛውን ደንብ ያንብቡልን።»

ዳኛው አነበበ። ባይለየኝ ፈገግ አለ።

«በዚህ መንደር ደንብ የማስከብረው እኔ ነኝ ጌታዬ። እጠብቀዋለሁ።»

«ባለመሬት ለራሱ መሬት ጠባቂ አይሆንም» አለ ዳኛው። «ጠባቂዋ ይህች ሴት ናት። ሣሩንም እሷ ትጨድ።»

የባይለየኝ ፈገግታ ጠፋ። በየዓመቱ አርባ ጭነት ጤፍ የሚያፈራ ሜዳ ነው!

«ጌታዬ… መሬቱ እኮ ያን ያህል…»

«ያን ያህል ምን? ሦስት ጊዜ የማልከው ሐሰት ነው?»

ባይለየኝ አንገቱን ዳሰሰ። «ኧረ ታሟል ጌታዬ! እጅግ ታሟል!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

«የእኔስ መሬት ጌታዬ?» አለች አንጓች። «ለመንደሩ የተፈቀደው አንድ ብቻ ነው ተብያለሁ።»

«ማን አለ? አዋጁ የሚለው የታመመበት ሁሉ ነው።»

ዳኛው ተዳፋቱን ወጣ። ምሰሶውንና ቦረቦሩን አየ። ብቻዋን የካበችውን የድንጋይ ረድፍ አየ።

«ጀምረሻል?»

«ጀምሬያለሁ።»

«የጀመረችን ማገዝ ነው እንጂ!» አለና ስሟን መዝገቡ ላይ አሰፈረ።

በዚህ ጊዜ ከአሥራ ሁለቱ ቆፋሪዎች አንዱ ከሰው መካከል ወጣ። «ያኛውን የቆፈርነው እኛ ነን፤ ይህንን የምንክበው እኛ እንሁን» አለ። አሥራ አንዱ ተከተሉት። እየዘፈኑ ካቡ፤ ከተዳፋቱ አናት እስከ እግሩ ካቡ።

ክረምት መጣ። ጎርፉ ወረደ፤ ከእርከኑ ደረሰ፤ አፈሩን አስቀምጦ ባዶ እጁን ሄደ። ቦረቦሩ ከምሰሶው አሥር እርምጃ እንደራቀ ቀረ።

ባይለየኝስ? የፈለገውን አገኘ። አርባ ጭነት ጤፉን ትቶ የተሰፈረለትን ገብስ እየቆረጠመ በሜዳው ዳር ይቀመጣል። አንጓች ማጭዷን ይዛ ታልፋለች።

«ጌታዬ፣ በሽተኛዎ እንዴት አደረ?»

«ተሽሎታል» ይላል ጥርሱን ነክሶ።

«ይተኛ፣ ይተኛ! ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል።»

ለዚህ ነው ልጆች፣ «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» የሚባለው።

ተረቴን ጎርፍ እንዳይወስደው እርከን ካቡለት፤ ለእኔም እፍኝ ቆሎ ዝገኑልኝ።